በአንድ ስልክ ክፍላችሁን ከሌላ ሀገር ክፍል ጋር እንዴት ታገናኛላችሁ? (ለታዳጊ ልጆች የእንግሊዝኛ መምህራን)

እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ነው የሚሰጠው፣ ግን 4ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ "ኋት ኢዝ ዩር ኔም" ስትሉት የሸመደዳትን ቶሎ ይመልስላችኋል እንጂ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ትናንት ማታ ምን በላህ ካላችሁት አንገቱን ይደፋል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አማርኛ ይችላል፣ ጓደኛው ይችላል፣ ቲቸር ይችላል፣ ታዲያ ልጁ ምን በወጣው ነው በእንግሊዝኛ የሚጨነቀው? ልጅ አዲስ ቋንቋ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ያለዛ ቋንቋ የማይግባባው ሰው ሲያገኝ ነው፣ እና እኛ ማድረግ ያለብን እንደዛ አይነት ሰው ማምጣት ነው፣ ቢቻል ደግሞ እኩያውን።

ይሄን የምጽፈው ከ2ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ለምታስተምሩ ነው፣ በተለይ የመንግስት ትምህርት ቤት ሆናችሁ ክፍላችሁ ውስጥ 60 ልጅ ላላችሁ። ኮምፒውተር ላብ አያስፈልግም፣ ፕሮጀክተርም አያስፈልግም። የራሳችሁ ስማርት ስልክ፣ ድምጹ ከፍ የሚል አንድ ብሉቱዝ ስፒከር፣ እና ሌላ ሀገር ያለ አንድ ፈቃደኛ መምህር ይበቃል። ስፒከር ከሌለ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋ ሂዱ፣ ማይክና ድምጽ ማጉያ እዛ አይጠፋም።

ነገሩ አዲስ አይደለም እኮ። ፈረንሳይ ውስጥ ሴሌስታን ፍሬኔ የሚባል የገጠር መምህር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ልጆቹ የጻፉትን በትንሽ ማተሚያ ክፍል ውስጥ እያሳተመ ሩቅ ካለ ሌላ ክፍል ጋር በፖስታ ይለዋወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የኒውዮርክና የሞስኮ ትምህርት ቤቶችን በኮምፒውተር ማገናኘት ተጀመረና ዛሬ አይኧርን (iEARN) የሚባለው የመምህራን መረብ ከዛ አደገ፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኝ ኢትዊኒንግ አለ። እኛም ሀገር ብሪቲሽ ካውንስል ኮኔክቲንግ ክላስሩምስ በሚለው ፕሮግራሙ ትምህርት ቤቶችን ሲያገናኝ ነበር። ግን ፕሮግራም ይመጣል ይሄዳል፣ አፕም እንደዛው፣ ስንት መምህር ክፍሉን ያገናኘበት ስካይፕ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል። ስለዚህ በአንድ አፕ ወይም በአንድ ፕሮጀክት ላይ አትንጠልጠሉ፣ የሚቆየው ከዛኛው መምህር ጋር ያላችሁ መተማመን ነው፣ እሱ ካለ በቴሌግራምም በኢሜይልም በዋትሳፕም ትቀጥላላችሁ።

ቪዲዮ ኮል መጀመሪያ አይሁን

ብዙ ሰው ከውጭ ሀገር ልጆች ጋር መገናኘት ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ቪዲዮ ኮል ነው። ሲያዩት ደስ ይላል፣ ዳይሬክተሩም ፎቶ ያነሳል፣ ግን ለትምህርት ሲታሰብ በጣም ደካማ ነው። 60 ልጅ አንዲት ስክሪን ላይ ተደራርቦ ሁለቱ ጎበዞች ያወራሉ ሌላው እጁን ያውለበልባል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ የፈራው ልጅ እንደፈራ ይቀራል።

እኔ ከልቤ የምመክራችሁ ቮይስ (የተቀዳ የድምጽ መልእክት) ነው። አንድ ቡድን አጭር ቮይስ ይቀዳል፣ ትልኩታላችሁ፣ በሳምንቱ መልስ ይመጣል። ልጁ ሳይቸኩል ይዘጋጃል፣ ሲሳሳት ደግሞ ይቀዳል፣ የመጣለትን መልስ ሶስቴም አራቴም ይሰማል፣ ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ሰዓት መገኘት የለባቸውም፣ ፈረቃችሁ የከሰዓት ቢሆንም ችግር የለውም። ዳታውም ቀላል ነው፣ የአንድ ደቂቃ የቴሌግራም ቮይስ ከ1 ሜጋባይት በታች ነው የሚይዘው፣ ቪዲዮ ግን ፓኬጃችሁን ሙልጭ ነው የሚያደርገው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የፎቶና የቪዲዮ ኦቶ ዳውንሎዱን አጥፉት፣ ከዛ የመጣውን ቮይስ ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርዳችሁ ስልኩ ላይ ሴቭ አድርጉና ክፍል ስትገቡ ያለ ኢንተርኔት ታስከፍቱታላችሁ።

አጋር ክፍል ፍለጋ

እዚህ ላይ ከብዙዎች የተለየ ሀሳብ አለኝ። ሁሉም ሰው የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ክፍል ነው የሚመኘው፣ ለጀማሪ ልጆች ግን የሚሻለው እንደነሱው እንግሊዝኛ እየተማረ ያለ ክፍል ነው። የለንደን ልጅ ፈጥኖ ነው የሚያወራው፣ ቃል ይውጣል፣ የኛዎቹ አንድ ሁለቴ ሰምተው ካልገባቸው ተስፋ ይቆርጣሉ። የቱርክ ወይም የፖላንድ ልጅ ግን ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ እንደኛው እየፈራ ነው የሚናገረው፣ እና የኛ ልጆች "ለካ እነሱም እየተማሩ ነው" ሲሉ ያን ቀን ትከሻቸው ላይ የነበረው ነገር ይወርዳል።

የኔ 4ኛ ክፍሎች ከቱርክ ክፍል ጋር ነው የሚለዋወጡት። ቱርክ እንግሊዝኛ ከ2ኛ ክፍል ይጀምራል፣ መምህራኖቿ ከሌላ ሀገር ክፍል ጋር መስራት ይወዳሉ፣ እና ደግሞ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ሰዓታቸው ከኛ ጋር እኩል ነው፣ አንድ ቀን ኮል ማድረግ ብትፈልጉ ማስላት የለባችሁም። ናይሮቢም ሰዓቷ ከኛ ጋር አንድ ነው፣ ግን ኬንያ ውስጥ ትምህርቱ ራሱ ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ ስለሚዞር ልጆቹ ይበረታሉ፣ ለ5ኛና 6ኛ ክፍል ነው የምመክረው።

የት ይገኛሉ ካላችሁ አይኧርን ላይ መመዝገብ ይቻላል፣ ፌስቡክ ላይ የእንግሊዝኛ መምህራን ግሩፖች ሞልተዋል፣ ውጭ ያለ የምታውቁት ሰው ልጁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት ቢጠይቅላችሁ ደግሞ ከሁሉም ይፈጥናል። የመጀመሪያዋ መልእክታችሁ አጭርና እውነተኛ ትሁን። ስንተኛ ክፍል እንደሆናችሁ፣ የልጆቹን እድሜ፣ ስንት እንደሆኑ፣ ያላችሁ አንድ ስልክ እንደሆነ፣ በሳምንት አንድ ቮይስ መላክ እንደምትችሉ፣ ቪዲዮ በየጊዜው እንደማትችሉ ጻፉ። ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ልንዘገይ እንችላለን በሉ። ይሄን ቀድማችሁ ካልተናገራችሁ ዝም ያላችሁ ቀን ያኛው መምህር ተዋቸው ብሎ ይሄዳል። የሚመልሱላችሁ ጥቂት ናቸውና ለአንድ ሰው ብቻ ጽፋችሁ አትጠብቁ።

ክፍላችሁ አንድ ከሆነ አጋር ክፍልም አንድ ብቻ ያዙ። ሶስት ሀገር ጀምሮ ሶስቱንም ከማቋረጥ ከአንድ ክፍል ጋር ዓመቱን መጨረስ ይበልጣል፣ ልጆቹ የዛኛውን ልጅ ስም፣ የድመቱን ስም ሳይቀር ሲያውቁ ነው ወሬው የሚጣፍጠው።

ወላጅና ጥንቃቄ

ይሄን ሳትጨርሱ አንድም ቮይስ አይላክ። የልጅ ድምጽና ፎቶ የግል መረጃ ነው፣ እኛም ሀገር በ2016 ዓ.ም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ አውሮፓ ያሉት መምህራን ደግሞ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጥብቅ ህግ አለባቸው፣ ራሳቸውም ይጠይቋችኋል። ለዳይሬክተሩ አሳውቁ፣ ወመህ (የወላጅ መምህር ህብረት) ስብሰባ ላይ አንስታችሁ አስረዱ፣ ከዛ ለያንዳንዱ ወላጅ በአማርኛ ደብዳቤ ላኩ። ለምሳሌ እንዲህ፦

"ውድ ወላጅ፣ በዚህ ዓመት ልጆቻችን እንግሊዝኛ እንዲለማመዱ ከቱርክ አንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር የድምጽ መልእክት ይለዋወጣሉ። መልእክቱ የሚላከው በመምህሩ ስልክ ብቻ ነው። የልጅዎ የመጀመሪያ ስም እንጂ የአባት ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር አይነገርም። የልጅዎ የፊት ፎቶ አይላክም። ድምጹ ኢንተርኔት ላይ አይለጠፍም፣ በዓመቱ መጨረሻ ይጠፋል። ቢፈቅዱ ከታች ይፈርሙ፣ ባይፈቅዱ ልጅዎ በክፍል ውስጥ ባለው ስራ እንደሌላው ይሳተፋል።"

ማንበብ የማይችል ወላጅ ካለ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡለት። የደብዳቤውን ቃል ደግሞ ጠብቁ፣ ሰፈሩን የሚጠራ ልጅ ካለ ያን ቁርጡና እንደገና ቅዱ፣ የትምህርት ቤቱ ዓርማ ያለበትን ዩኒፎርም ፎቶ አትላኩ። ልጅና ልጅ በግል አካውንት አይገናኝም፣ "ቲቸር ቁጥሯን ስጠኝ" ይላሉ፣ መልሱ ሁሌም አይሆንም ነው። ከዛኛው መምህር ጋርም ይሄንኑ በጽሁፍ ተስማሙ።

አንድ ቮይስ እንዴት ይሰራል

ሳምንታዊው ስራ ይሄ ነው። ርዕሱን ከመማሪያ መጽሐፉ ውሰዱት፣ ዩኒቱ ስለ ቤተሰብ ከሆነ ቮይሱም ስለ ቤተሰብ፣ ስለ እንስሳት ከሆነ ስለ እንስሳት። ተጨማሪ ስራ ካደረጋችሁት በሁለተኛው ወር ትደክሙና ትተዉታላችሁ፣ የራሱ የትምህርቱ መለማመጃ ከሆነ ግን ትምህርት አልሸፈንክም የሚላችሁ ዩኒት መሪም አይኖርም።

ክፍሉን በቡድን ክፈሉት፣ በያንዳንዱ ስድስት ልጅ አካባቢ፣ በየሳምንቱ አንድ ቡድን ተረኛ ይሆናል፣ ሌላው ክፍል ጥያቄ ያዋጣል። ሰሌዳ ላይ ሶስት አራት ክፍት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ "አይ ሃቭ..." "ማይ ብራዘር ላይክስ..." "ዱ ዩ ሃቭ..." አይነት፣ ልጁ ባዶውን በራሱ ህይወት ይሞላዋል። ወንድም የሌለው ልጅ አያቱን ይናገር፣ ዶሮ ያለው ዶሮውን። ዋናው መመሪያ አንድ ነው፣ እያንዳንዱ ቮይስ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይዞ ይሂድ። ጥያቄ የሌለው ቮይስ መልስ አያመጣም፣ መልስ ካልመጣ ደግሞ ልጆቹ ለግድግዳ እንደተናገሩ ነው የሚሰማቸው።

ስትቀዱ በእረፍት ሰዓት ሜዳው አጠገብ አትቅዱ። ላይብረሪ ወይም ፔዳጎጂ ማዕከሉ ጸጥ ይላል። ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ያዙ፣ አንድ ልጅ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይናገር፣ ከሁለት ጊዜ በላይም አታስደግሙት፣ ሶስተኛው ላይ ልጁ ስህተቱን ብቻ ነው የሚያስበው። ወረቀት አንብቦ እንዲቀዳም አልወድም፣ ትንሽ ስዕል ወይም ሶስት ቃል የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ይያዝ፣ ሌላውን ከአፉ ያውጣው። "ማይ ሲስተር ሺ ላይክ ዳንስ" ቢል ይላክ። ቱርክ ያለችው ልጅ ይገባታል፣ እና "ማይ ሲስተር ላይክስ ዳንሲንግ ቱ" ብላ ስትመልስ ያቺን "ስ" ከኔ ሳይሆን ከእኩያው ነው የሚሰማት።

የመጣውን መልስ ስታሰሙ የመጀመሪያው ዙር በቃ ለመስማት ብቻ ይሁን፣ አስቁማችሁ አትተርጉሙ። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ልጅ የሰማትን አንዲት ቃል ይያዝ፣ ሰሌዳ ላይ ሰብስቡት፣ 60 ልጅ አንዳንድ ቃል ካመጣ መልእክቱ ግማሹ ሰሌዳው ላይ ተገጣጥሟል። በሶስተኛው ላይ ምን ጠየቁን? ምንስ እንመልስ? ወደሚለው ግቡ። ደብተራቸው ላይ እንግሊዝኛውን በፊደል የሚጽፉ ልጆች አሉ፣ 2ኛ ክፍል ላይ አትቆጧቸው፣ ለማስታወሻ ይያዙት፣ ግን ከዛ ላይ እያነበቡ አይቅዱ ምክንያቱም አነጋገራቸው ፊደሉን ይከተላል፣ "እስኩል" "እስፖርት" ማለት ይመጣል።

ትርጉም አፕ ለመምህር ነው። ጉግል ትራንስሌት አማርኛ ስለሚችል ትልልቆቹ ልጆች ቤት ባለ ስልክ አስተርጉመው ያመጣሉ፣ ሲያነቡት ግን አንዱም ቃል የነሱ አይደለም። ሰባት የራሱ ቃል ያላት ዓረፍተ ነገር ከዛ ገጽ ሙሉ ትበልጣለች፣ ይሄን ለልጆቹም ለወላጆችም በግልጽ ንገሯቸው።

የሰዓቱ ጉዳይ

ይሄን ለብቻው የምጽፈው ኢትዮጵያዊ ልጆችን የያዘ ሁሉ ስለሚያጋጥመው ነው። ዩኒቱ የቀን ውሎ ነበር፣ አንዱ ልጅ "አይ ጌት አፕ አት ትዌልቭ ኦክሎክ፣ አይ ጎ ቱ ስኩል አት ቱ ኦክሎክ" ብሎ ቀዳ። እኔ ሆን ብዬ ሳላርመው ላክሁት። ከቱርክ የመጣው መልስ "ዋይ ዱ ዩ ስሊፕ አንቲል ትዌልቭ? አር ዩ ሲክ?" የሚል ነበር። ክፍሉ ሳቀ፣ ልጁ ግን ተነሳ፣ "ኖ ኖ! ትዌልቭ ኢዝ ሞርኒንግ!" እያለ ለስፒከሩ መመለስ ጀመረ። ያን ቀን ሌላ ትምህርት አልሰጠሁም። በካርቶን ሁለት ሁለት ሰዓት ሰሩ፣ አንዱ ላይ "ኢትዮጵያ" ሌላው ላይ "ኢስታንቡል" ብለው ጻፉ፣ በኛ 12 ሰዓት በነሱ 6፣ በኛ 2 ሰዓት በነሱ 8፣ እያዞሩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠያየቁ፣ ከዛ እኛ የምንቆጥረው ከጸሀይ መውጫ ጀምሮ እንደሆነ "ዊ ካውንት ፍሮም ሰንራይዝ" ብለው በአራት ዓረፍተ ነገር አስረድተው ላኩ። ሰዓት መናገር ለልጆቻችን ከሚከብዷቸው ትምህርቶች አንዱ ነው፣ እንደዛን ቀን ግን ሲለማመዱት አላየሁም፣ ምክንያቱም የተሳሳተ ሰው ሊያስረዱ ነበራ።

የዘመን አቆጣጠሩም እንደዛው ነው። በ2008 የተወለደ ልጅ "አይ ዎዝ ቦርን ኢን ቱ ታውዘንድ ኤይት" ካለ እነሱ የ17 ወይም የ18 ዓመት ወጣት ነው የሚመስላቸው። 13 ወር አለን ስትሉ ደግሞ ጥያቄው አያልቅም፣ ጳጉሜን 5 ቀን በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን መሆኗን፣ አዲስ ዓመት መስከረም 1 መሆኑን፣ ገና ታህሳስ 29 መዋሉን ልጆቹ ራሳቸው ያስረዱ። የአባት ስምም እንዲሁ፣ እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል እንደሌለን፣ የወንድምና የእህት ሁለተኛ ስም የአባታቸው ስም እንደሆነ (ስሙን ሳይጠሩ) ማስረዳት ለ6ኛ ክፍል ትልቅ የንግግር ስራ ነው። እኛ ልጆች የሚያውቁትን ነገር ለማያውቅ ሰው የሚናገሩበት እድል ብዙ አለን፣ ዘመን አቆጣጠራችንን ዝም ብላችሁ ወደ ፈረንጅ ቀይራችሁ አትላኩት።

አነባበብን ስልኩ ይርዳችሁ

አንዳንድ ድምጽ በቮይስ ሲሄድ እውነት ያደናግራል። የኛ ልጆች "ሶስት" የሚለውን እና "ዛፍ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ሁለቱንም "ትሪ" ይሏቸዋል፣ "በግ" እና "መርከብ" አንድ አይነት ይወጣሉ፣ "ቬሪ" ደግሞ "ቤሪ" ይሆናል። ለዚህ የጉግል ኪቦርድ ላይ ያለችውን የማይክ ምልክት ተጠቀሙ። ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጉ፣ ልጁ ስልኩን ይዞ ቃሉን ይናገር፣ ስልኩ የሰማውን ይጽፈዋል። ሶስት ብሎ ዛፍ ከተጻፈ ልጁ ማንም ሳይቆጣው ራሱ ያያል፣ ምላሱን በጥርሶቹ መካከል አውጥቶ እንደገና ይሞክራል። የእንግሊዝኛው ድምጽ ፓክ ወደ ስልኩ ከወረደ ብዙ ስልኮች ላይ ያለ ኢንተርኔትም ይሰራል። ግን በዚህ ማርክ አትስጡ፣ ማሽኑ የህጻን ድምጽና የኛን አነጋገር አንዳንዴ ይስታል፣ ጫጫታ ካለም ያበላሻል፣ ለጨዋታና ለመሞከር ብቻ ይሁን። እርማታችሁም በአንድ ቮይስ አንድ ነገር ላይ ይሁን፣ እሱም መልእክቱን እንዳይገባ የሚያደርገው ላይ።

ርዕስ ያለቀባችሁ ሳምንት ካለ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ግቡ፣ አጫጭር የልጆች ተረቶች በእንግሊዝኛም በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎችም (አማርኛም አለ) በነጻ ይወርዳሉ። አንድ ተረት መርጣችሁ የኛዎቹ ግማሹን አንብበው ይላኩ፣ የዛኛው ክፍል ቀሪውን ያንብብ። ለማይፈሩ ልጆች ቀላል፣ ለሚፈሩት ደግሞ ከራሳቸው ማውጣት ስለሌለባቸው ጥሩ መጀመሪያ ነው።

ቪዲዮ ኮሉ መቼ ይሁን

ሶስት አራት ወር ቮይስ ከተለዋወጡ በኋላ። ያኔ ልጆቹ ማንን እንደሚያዩ ያውቃሉ፣ ድምጹን የሚያውቁትን ልጅ ፊት ለፊት ሲያገኙት ጩኸቱ ሌላ ነው። ከ20 ደቂቃ አታስበልጡት። ማን ምን እንደሚጠይቅ አስቀድማችሁ መድቡ፣ አምስት ስድስት ልጅ ብቻ እየተቀያየረ ስልኩ ፊት ይቁም፣ ሌሎቹ የሰሙትን ደብተር ላይ ይጻፉ። ከወላጅ ፈቃድ ለዚህኛው እንደገና ጠይቁ ምክንያቱም ፊት ይታያል። ፓወር ባንክ ቻርጅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ኮሉ ካልሰራ ምትክ የሚሆን የተቀዳ ቮይስ ከሁለቱም ወገን ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፣ ያን ቀን ልጆች ባዶ እጃቸውን መሄድ የለባቸውም።

ዲያስፖራ ልጆች

ሌላ በጣም የምወደው መንገድ አለ። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ብዙ ሀበሻ ስላለ ቅዳሜና እሁድ ቤተክርስቲያንና ኮሚዩኒቲ ማዕከል ውስጥ ልጆች አማርኛ ይማራሉ። እነዛ ልጆች እንግሊዝኛቸው ውሃ ነው፣ አማርኛው ላይ ግን ልክ የኛ ልጆች እንግሊዝኛ ላይ እንደሚሆኑት አንገታቸውን ይደፋሉ። አገናኟቸው። የኛ ልጅ በእንግሊዝኛ ይቅዳ፣ ያኛው በአማርኛ ይመልስ፣ ሁለቱም በደካማ ጎናቸው ነው የሚናገሩት፣ ሁለቱም በጠንካራ ጎናቸው ይረዳዳሉ። የኛው ልጅ "ውሻዬ ታመመ" ማለት ያቃታትን ልጅ ሲያርማት ራሱም አስተማሪ ሆነ ማለት ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሷ ስታርመው አይከፋውም። እዚህኛው ላይ የለንደን ልጅ ፈጥኖ ያወራል ያልኩት ችግር ይቀንሳል ምክንያቱም እሷም ቀስ ብሎ መስማት ምን ማለት እንደሆነ ከአማርኛው ታውቀዋለች።

በቀጥታ መገናኘት ከፈለጋችሁ ሰዓቱን አስሉት። ዲሲ ከመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ እስከ ጥቅምት መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ማርች ሁለተኛው እሁድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ) ከኛ በ7 ሰዓት፣ በሌላው ጊዜ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የነሱ ቅዳሜ ጠዋት 10 ሰዓት የኛ ማታ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ይውላል ማለት ነው፣ ስትጻጻፉ "በናንተ ሰዓት" "በእኛ ሰዓት" ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

ስጦታና ብር

ይሄን መጀመሪያውኑ ከዛኛው መምህር ጋር ተነጋገሩበት። ከሀብታም ሀገር ክፍል ጋር ስትገናኙ ሁለተኛው ወር ላይ "ለልጆቹ እርሳስ እንሰብስብ፣ ጫማ እንላክ" የሚል ሀሳብ ይመጣል። በቅንነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያቺ ሳጥን ከመጣች በኋላ ልጆቹ እኩያ መሆናቸው ይቀራል፣ ወላጅ ይጠብቃል፣ ያልደረሰው ይከፋዋል፣ ቮይሱም ስለ ዶሮና ስለ ወንድም መሆኑ ቀርቶ "ታንክ ዩ" ብቻ ይሆናል። "እናመሰግናለን፣ እኛ የምንፈልገው መልሳችሁን ነው" በሉ። ትምህርት ቤቱ ችግር ካለበት በሌላ መንገድ በዳይሬክተሩ በኩል ይጠየቅ፣ በልጆቹ መልእክት ውስጥ አይግባ። በፖስታ የምትለዋወጡት ነገር ካለ ሁለቱም ወገን እኩል የሚችለው ይሁን፣ ልጆቹ የሳሉት ስዕል፣ የሰፈራቸው ቅጠል ስዕል፣ በእጅ የተጻፈ ካርድ።

ዓመቱ ሲያልቅ

የሁሉንም ቡድን የመጀመሪያ ቮይስ አስቀምጡ። ግንቦት ላይ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጠይቃችሁ ቅዱና ሁለቱን አከታትላችሁ ለልጁ አሰሙት፣ ለወላጅም ካርድ ሲሰጥ አሰሙ። እኔ ከፈተና ውጤት በላይ የምተማመነው በዚህ ነው፣ መስከረም ላይ በሹክሹክታ ስሙን ብቻ የተናገረ ልጅ ግንቦት ላይ ጥያቄ እየጠየቀ ሲሰማ ወላጁ ምንም ማብራሪያ አይፈልግም።

ቱርክ ሰኔ አጋማሽ ላይ ትዘጋለች፣ የኛ ደግሞ ፈተና ሰኔ ውስጥ ስለሆነ የስንብት ቮይሱን ግንቦት መጨረሻ ላይ ላኩት፣ ዘግይታችሁ ከላካችሁት ባዶ ክፍል ነው የሚደርሰው። በሚቀጥለው ዓመት ክፍሉን የሚረከበውን መምህር ከዛኛው መምህር ጋር በዛው ሳምንት አስተዋውቁት፣ የምትሰሩበትን ርዕስና ስምምነት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። ከዛ ለወላጅ ቃል በገባችሁት መሰረት ከስልካችሁም፣ ከቴሌግራሙም፣ ሚኒ ሚዲያው ኮምፒውተር ላይ የቀረ ካለም የልጆቹን ድምጽ አጥፉ፣ ያኛውም መምህር ማጥፋቱን ጠይቁ።